200 ኮፍያ ከማዘዛችሁ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እኔና ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የቢስክሌት ወርክሾፕ አለን። ያገለገሉ ቢስክሌቶችን ገዝተን፣ ፈታተን፣ አድሰንና ቀለም ቀብተን በራሳችን ስም እንሸጣለን። ዓመት አልፎናል፤ የሚያውቀን ግን የሰፈራችን ሰው ብቻ ነው። ውጭ አገር ያሉ ትንንሽ ቢስክሌት ሠሪዎች ስማቸው የተጻፈበት ስስ የጨርቅ ኮፍያ እንደሚያሠሩ ቪዲዮ ላይ አይተናል። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሠሪ 200 ካዘዝን አንዱን በ350 ብር፣ 50 ካዘዝን ደግሞ በ450 ብር እንደሚሠራልን ነግሮናል። ይጠቅመናል ወይስ ብር መበተን ነው? ኮፍያውስ ምን ዓይነት ይሁን?»

ወንድሞቼ፣ ጥያቄያችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። የማስታወቂያ ልብስና ኮፍያ ማሠራት እንጀራዬ ነው። ቢስክሌት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፍቅሬ ነው። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ሜዳ ከፊት ለፊት ንፋስ ጋር እየታገልኩ ስንት ጊዜ ነድቼበታለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ልመልስላችሁ።

ኮፍያውን አሠሩ። 200 ግን አታሠሩ። 50 ይበቃችኋል። እሱንም ላገኛችሁት ሰው ሁሉ አታድሉ።

መጀመሪያ ስለ ኮፍያው ራሱ። የቢስክሌተኛ ኮፍያ ሱቅ ከምናገኘው ተራ ኮፍያ ይለያል። ተራውን አድርጋችሁ ቢስክሌት ላይ ጎንበስ በሉ። ከፊት ያለው መከለያ ረጅም ስለሆነ መንገዱን ይጋርዳችኋል። ለማየት አንገታችሁን ቀና ማድረግ ግድ ነው። ትንሽ እንደተጓዛችሁ ማጅራታችሁ ይነግራችኋል። የቢስክሌተኛው መከለያ አጭር ነው፤ ሦስት ጣት ቢሆን ነው። ጨርቁ ስስ ጥጥ ነው፣ ከኋላ ላስቲክ አለው። አናቱ ላይ ያቺ ክብ ቁልፍ የለችም፤ ሄልሜት ሲደረግበት ቁልፏ አናት ትወጋለችና። መከለያው ይታጠፋል። ፀሐይ ወይም ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች፣ ዳገት ላይ ግንባር አየር እንዲያገኝ ወደ ላይ። ላብም ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጨርቁ ይመጥጠዋል።

እንግዲህ ኮፍያው መጀመሪያ ዕቃ ነው፣ ቀጥሎ ነው ማስታወቂያ። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ኮፍያ ማንም አያደርገውም። ያልተደረገ ኮፍያ ደግሞ ምንም አያስተዋውቅም።

የቢስክሌት ውድድር ከጥንትም ከንግድ ጋር የተጋባ ነው። ትልቁን የፈረንሳይ ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የጀመረው «ሎቶ» የሚባል ጋዜጣ ነው። ምክንያቱም ጋዜጣ ለመሸጥ ነበር። በ1919 የመጣው የመሪው ቢጫ ማሊያም ጋዜጣው የሚታተምበት ወረቀት ቢጫ ስለነበር ነው ቢጫ የሆነው። ጂሮ የሚባለው የጣልያን ውድድር ሮዝ ማሊያም እንዲሁ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ነው። በዚያ ዘመን ቡድኖቹ የቢስክሌት ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ቢያንኪ፣ ሌኛኖ የመሳሰሉት። በ1954 ግን ፊዮሬንዞ ማኚ የሚባል ጣልያናዊ ተወዳዳሪ ኒቪያን፣ ያንን የፊት ቅባት፣ ስፖንሰር አድርጎ መጣ። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። ፋኤማ፣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ማሽን አምራች፣ የታላቁ የቤልጅግ ተወዳዳሪ የኤዲ መርክስ ቡድን ስም ሆነ። እነዚህ ሁሉ ስሞች ኮፍያ ላይ ይጻፉ ነበር። ያኔ ተወዳዳሪው ሄልሜት አያደርግም ነበር፤ ፎቶ ሲነሳ ከፊቱ በላይ የሚታየው ያ ኮፍያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛክስታን ተወዳዳሪ ፓሪስ–ኒስ በሚባለው ውድድር ላይ ወድቆ በጭንቅላቱ ጉዳት ሞተ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ኮፍያውም ከውድድሩ መሐል ወጥቶ ወደ ሽልማት መድረኩ ሄደ። እናንተም ኮፍያ ስትሰጡ «ሄልሜት ከላይ ይደረግበታል» ብላችሁ ስጡ። ኮፍያ ሄልሜትን አይተካም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወረደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን አይከራከርም።

ትንንሾቹ ቢስክሌት ሠሪዎች ይህን ኮፍያ የሚወዱበት ተጨባጭ ምክንያት አላቸው። ማሊያ ብታሠሩ ስሞል፣ ሚድየም፣ ላርጅ፣ ኤክስ ላርጅ ማዘዝ አለባችሁ። ሚድየሙ ያልቅና ኤክስ ላርጁ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ኮፍያ ግን ላስቲክ ስላለው አንዱ ልክ ለብዙ ሰው ይሆናል። ፖስታ ውስጥ ይገባል። ደግሞ ቢስክሌት የገዛ ሰው ለዓመታት ሌላ አይገዛም። በዚያ መሐል ስማችሁን የሚያስታውሰው ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኮፍያ ቢስክሌት አይሸጥም። ኮፍያውን የሚያስለብሰው ቢስክሌቱ ነው። ሰው ስማችሁን አናቱ ላይ የሚያደርገው በሥራችሁ ሲተማመን ነው። አንድ ደንበኛዬ 500 ኮፍያ አሠርቶ ባዛር ላይ ላለፈ ላገደመ ሁሉ በተነ። ከሳምንት በኋላ አንዱን ያየሁት መኪና የሚያጥብ ልጅ እጅ ላይ ነው፤ መስታወት ይወለውልበታል። ልጁን ማን ይወቅሰዋል? ማን እንደሰጠው አያውቅም፣ ለምን እንደተሰጠውም አያውቅም።

በተቃራኒው ደግሞ ጣልያናዊውን ቢስክሌት ሠሪ ኤርኔስቶ ኮልናጎን ተመልከቱ። ሚላን አጠገብ ካምቢያጎ በምትባል ቦታ በአንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ነው የጀመረው። የሰዎችን ቢስክሌት በመጠገንና ተወዳዳሪዎችን በማገልገል ነው ስሙን የገነባው። በካርታ ጨዋታ ላይ ያለችው ባለ ሦስት ቅጠል አበባ የእሱ ምልክት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1970 ሚኬሌ ዳንቼሊ የሚላን–ሳን ሬሞን ውድድር በእሱ ቢስክሌት ካሸነፈ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የተቀመጠው ኮልናጎ በሠራው ቢስክሌት ላይ ነበር። ምልክቷ ከሥራው በኋላ መጣች። ለዚህ ነው ያቺን አበባ ኮፍያው ላይ ያየ ሰው ስሙን ሳያነብ የሚያውቃት።

ታዲያ የእናንተ ስም ለምን ነገር ይቁም? ይህን ሳትመልሱ ኮፍያ አትዘዙ። የእኔ ሐሳብ ፍሬን ነው። የምትኖሩት 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማው ራሱ ሜዳ ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲባል ግን በአንኮበር በኩልም፣ በጣርማ በር በኩልም ገደል ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቢስክሌት የሚገዛ ወላጅ የመጀመሪያ ፍርሃቱ «ልጄ ቁልቁለት ላይ ማቆም ይችላል ወይ?» የሚል ነው። «ከእነዚህ ልጆች የተገዛ ቢስክሌት ፍሬኑ ይይዛል» የሚል ወሬ ከወጣላችሁ ከየትኛውም ቢልቦርድ ይበልጣል። በተለይ አሮጌ ቢስክሌቶች የብረት ቸርኬ አላቸው። ብረቱ ዝናብ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። አልሙኒየም ቸርኬ እርጥብም ሆኖ በደንብ ይይዛል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቸርኬውን የመቀየርን ጥቅም ለደንበኛ አስረዱ። በባልዲ ውሃ አፍስሳችሁ አሳዩት። ያንን ያየ ሰው ይናገራል።

ኮፍያውን ከዚህ ጋር አያይዙት። ከእናንተ ቢስክሌት የገዛ ሰው ኮፍያ ያገኛል። ኮፍያውን አድርጎ በመጣ ቁጥር ጎማ በነፃ ይነፋለታል፣ የፍሬን ገመዱ በነፃ ይጠብቅለታል። አምስት ደቂቃ አይፈጅባችሁም። በዚህ መንገድ ኮፍያው ከቤት ይወጣል። ሰውየውም ወደ ወርክሾፑ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ካላማዳሪያ ያስፈልገዋል፣ ሰንሰለት ያስፈልገዋል፣ ለእህቱ ልጅ ትንሽ ቢስክሌት ይጠይቃል።

ከ50ው ግማሹን ለሚሸጡ ቢስክሌቶች ያዙ። ከቀረው ላይ ቢስክሌቱን ከእናንተ ባይገዛም በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ስጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚመላለስ ተማሪ፣ ደብዳቤ የሚያደርስ ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ለጎሚስታዎችም ስጡ። ቢስክሌት ይዞ የመጣባቸውን ወደ እናንተ የሚልኩት እነሱ ናቸው። መኪና ለሚነዳ ዘመድና ለባለሥልጣን ግን ይቅር። እሱ ኮፍያውን ዳሽቦርድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

ስለ ጽሑፉና ስለ መልኩ ብዙ ማለት አለብኝ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደንበኞቼ ሁሌም ስሙን ትልቅ አድርግልን ይላሉ። ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የቴሌግራም ስም፣ መፈክር ይጨምራሉ። እንዲህ የተጨናነቀ ኮፍያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ማንም አናቱ ላይ ግድግዳ ተሸክሞ መሄድ አይፈልግም። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከተወዳዳሪዎቹ ፊት የሚያልፈው የማስታወቂያ መኪኖች ሰልፍ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ አለ። ዛሬ ከዚያ ሰልፍ ላይ ሰው ተሻምቶ ከሚይዛቸው ስጦታዎች አንዱ የአንድ ቋሊማ አምራች ባርኔጣ ነው። ቀይና ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ ዓይነት ዳማ ነው። ከሩቅ ጽሑፉ አይነበብም፤ ዳማውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከስሙ ቀድሞ የሚታወቀው ጥለቱ ነው።

እናንተ ደግሞ ጥለት ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልጋችሁም። የቢስክሌተኛ ኮፍያ አናት ላይ ከግንባር እስከ ማጅራት የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። ፈረንጆቹ እዚያ ላይ የአገራቸውን ባንዲራ ቀለም ያደርጋሉ። እናንተ ዝተት አድርጉበት። የመንዝ ሱፍ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ሳይነከር ጎን ለጎን ተሸምኖ የሚወጣውን ያንን መስመር። አያቶቻችን ብርድ የተከላከሉበት ነው። ከሩቅ ያየው የሰሜን ሸዋ ሰው ልቡ ይመታል። ሸማኔ ፈልጋችሁ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ጥብጣብ አሸምኑ። የመንዝ ሱፍ ሻካራ ስለሆነ ቆዳ ይኮሰኩሳል፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል የጥጥ ገበር ይኑረው።

ስማችሁን አነስ አድርጋችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ። ቢስክሌተኛ አጠገባችሁ ሲያልፍ የምታዩት ጎኑን ነው። ሌላው ጥሩ ቦታ የመከለያው ሆድ ነው፣ ማለትም ታችኛው ፊት። መከለያው ወደ ላይ ሲታጠፍ ያ ሆድ ግንባር ላይ ይቆማል። ሰው ደግሞ መከለያውን የሚያጥፈው ሲያርፍ፣ ሲያወራና ፎቶ ሲነሳ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ቃል ይበቃል። ስልክ ቁጥሩ ከውስጥ፣ ላብ መምጠጫው ላይ ይግባ። የሚያስፈልገው ሰው ያገኘዋል።

በአንድ ቀለም ብቻ አሳትሙ። በስክሪን ሕትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይዘጋጃል፣ የራሱ ሂሳብም ይመጣል። ለ50 ኮፍያ ሦስት ቀለም ማለት ዋጋው ላይ እሳት መለኮስ ነው። ጥልፍ ያምራል፤ ግን ከጀርባው የሚለጠፈው ደረቅ ጨርቅ ሄልሜት ሲጫንበት ግንባርን ይፈገፍጋል። ከጠለፋችሁ ጎኑ ላይ ይሁን።

ስለ ብርዱ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም ልናገር። ስሱ የጥጥ ኮፍያ የተሠራው ለጣልያንና ለፈረንሳይ በጋ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ግን ቶሎ አይደርቅም። ዳገት ወጥታችሁ አልቧችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ያ እርጥብ ጨርቅ ግንባራችሁ ላይ በረዶ ይሆናል። እናቶቻችን «ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ እንዳይመታህ» የሚሉት ይህንን ነው። ሱፍ ግን እርጥብም ሆኖ ሙቀት ይይዛል። ቤልጅጎች በክረምት ሲነዱ ጆሮ መሸፈኛ ያለው የሱፍ ኮፍያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ለደብረ ብርሃን የሚሆነው የእነሱ ዓይነት ነው። አናቱ ጥጥ፣ ጆሮውና ማጅራቱ ሱፍ። ሲሞቅ ሱፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ፀሐዩም በዚያ ከፍታ ላይ ብርድ ሆኖም ፊት ያቃጥላልና መከለያው ይኑር። አዲስ አበባ ያለው አሠሪ እንዲህ ያለውን ለመሥራት ትንሽ ያንገራግር ይሆናል። አጥብቃችሁ ጠይቁ። የሚያሞቅ ኮፍያ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በየማለዳው ይደረጋል። ይህን ያህል ጊዜ የሚታይ ማስታወቂያ በብር አይገዛም።

የሴቶችንም ፀጉር አትርሱ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ተራው ኮፍያ አይገባላትም። ከኋላ ላስቲኩ ረዘም፣ ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል። ከ50ው አሥሩን እንዲህ አሠሩ። ከተማችሁ ውስጥ ቢስክሌት የምትነዳ ሴት ኮፍያችሁን ብታደርግ የሚያያት ትንሽ ልጅ ብዙ ናት።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የብስክሌት ማኅበር 120 ኮፍያ ተቀብዬ አሠራሁ። የመከለያ ዕቃውን ያቀረበልኝ ነጋዴ ፕላስቲክ ነው አለኝ። አመንኩት። ማኅበሩ ለልጆቹ አደለ፣ ልጆቹም ደስ አላቸው። በመጀመሪያው እጥበት መከለያው እንደ ራሰ እንጀራ ተልፈሰፈሰ። ውስጡ ካርቶን ነበር። ከልጆቹ አንዱ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት» አለኝ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሁሉንም በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ናሙና ሳልነክር ሥራ አልቀበልም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ናሙና አሠሩ፣ ክፈሉበት። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት መከለያውን እጠፉት፣ ልቀቁት። ፕላስቲክ ከሆነ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ካርቶን ከሆነ ስብራቱ ይቀራል። ጥጡ በቅድሚያ መታጠቡን ጠይቁ። ሳይታጠብ የተቆረጠ ጥጥ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል፣ ኮፍያውም አናት ላይ ይንጠለጠላል። ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩ። ግንባር ላይ የሚያርፈው ስፌት ጠፍጣፋ ካልሆነ በሄልሜት ሥር ይቆረቁራል።

አንድ የሕግ ነገር። የታደሰው ቢስክሌት ላይ የነበረውን የውጭ ብራንድ አርማ ኮፍያችሁ ላይ አታድርጉ፤ የራሳችሁ አይደለም። የራሳችሁን ስምና ምልክት ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ሥራው ሲሰፋ የሚጸጽታችሁ አይሆንም።

ሂሳቡን ላስቀምጥ። 200 በ350 ሲባዛ 70,000 ብር ነው። 50 በ450 ሲባዛ 22,500 ብር ነው። በአንዱ ላይ 100 ብር ትከስራላችሁ፤ 47,500 ብር ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። የሱፉና የሸማኔው ወጪ ከዚያ ላይ ይቀነስ። የተረፈው የአልሙኒየም ቸርኬና ጥሩ የፍሬን ጎማ ይግዛ። ፎቶም አንሱበት። ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉት ኮፍያውን ብቻውን አይሁን። የዛገውን ቢስክሌት ሲመጣ፣ ከዚያ ሲፈታ፣ ከዚያ ተሠርቶ ባለቤቱ ሲረከበው አሳዩ። የቀየራችሁትን የፍሬን ገመድ ቀረብ ብላችሁ አንሱት፣ ለምን እንደቀየራችሁትም ጻፉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቨንዴል የሚባል ትንሽ ቢስክሌት ሠሪ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚታወቀው ስለ ቢስክሌት የሚያምንበትን ነገር ለደንበኞቹ በግልጽ በመጻፍ ነው። ሰው አንብቦ ያምናል፣ አምኖ ይገዛል። እናንተም የምትጽፉት አላችሁ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያው በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ቢስክሌት የሚጠይቀኝ ልጅ በዝቷል።

ናሙናው ሲደርሳችሁ ወዲያው እሺ አትበሉ። ከነከራችሁትና ካደረቃችሁት በኋላ አንዳችሁ አድርጋችሁት ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ወደ ጫጫ ንዱ። ሄልሜቱን ከላይ አድርጉበት። ስትመለሱ ጆሮአችሁን ንኩት። ከቀዘቀዘ ሱፉን በአንድ ጣት አስረዝሙት፣ ከዚያ የቀረውን 49 እዘዙ።